የኮሙኒኬሽን ዲግሪና የሥራው በር

በግቢያችን ውስጥ ሁለት የኮሙኒኬሽን ተማሪዎች በተገናኙ ቁጥር ሳይነሣ የማይቀር አንድ ጥያቄ አለ፤ ይኸውም «ስንመረቅ የት እንገባለን?» የሚለው ነው። ለዚህም ጥያቄ ሁለት ዓይነት መልስ ሲሰጥ እንሰማለን። አንደኛው ወገን «ዘመኑ የመገናኛ ዘመን ስለሆነ የኮሙኒኬሽን ምሩቅ የማይፈለግበት መሥሪያ ቤት የለም፤ አትሥጉ» ይለናል። ሁለተኛው ወገን ደግሞ «ዘመድ የሌለው ሰው ዲግሪውን ግድግዳ ላይ ይስቀለው እንጂ ሥራ የሚባል ነገር የለም» ይላል። የመጀመሪያው መልስ ያስተኛል፤ ሁለተኛው ተስፋ ያስቆርጣል። የሚያደርሱት ግን ወደ አንድ ቦታ ነው፤ እጅን አጣጥፎ ወደ መቀመጥ።

እኛ የምንለው ከሁለቱም የተለየ ነው። ሥራው አለ። ነገር ግን ሥራው የሚጠይቀውና በክፍል ውስጥ የምንማረው በሁለት ነገር አይገጥሙም። አንደኛ፣ የምንማረው በእንግሊዝኛ ሲሆን የምንሠራው ግን በአማርኛ፣ በኦሮምኛ፣ በትግርኛ፣ በሶማሊኛና በሌሎችም የአገራችን ቋንቋዎች ነው። ሁለተኛ፣ ዩኒቨርሲቲው የሚመዝነን በምናውቀው ሲሆን ቀጣሪው የሚመዝነን ሠርተን ባሳየነው ነው። እነዚህን ሁለቱን ለማስታረቅ ምን ሊደረግ እንደሚገባ ያለንን አሳብ ከዚህ በታች እናቀርባለን።

በመጀመሪያ ሥራው የት እንዳለ እንመልከት። ስለ ሥራ በተነሣ ጊዜ የብዙዎቻችን አሳብ የሚሮጠው ወደ ቴሌቪዥን መስኮት ነው። ቴሌቪዥን በአገራችን ከተጀመረበት ከ1957 ዓ.ም. ወዲህ በመስኮቱ የሚታየው ሰው ከበስተኋላው ከሚሠሩት ይልቅ ዝነኛ መሆኑ አያስገርምም። ይሁን እንጂ በመስኮቱ ለሚታየው ለአንዱ ሰው ዜናውን የሚሰበስቡ፣ የሚጽፉ፣ የሚተረጉሙ፣ የሚያርሙ ብዙ ሰዎች አሉ። ከዚያም ውጪ የኢትዮጵያ ዜና አገልግሎት አለ፤ አዲስ ዘመንን፣ በሪሳን፣ ዘ ኢትዮጵያን ሄራልድንና አል ዓለምን የሚያሳትመው የኢትዮጵያ ፕሬስ ድርጅት አለ፤ የየክልሉ የመገናኛ ብዙኀን ድርጅቶች አሉ፤ የግል ጋዜጦችና ሬዲዮ ጣቢያዎች አሉ። ከጋዜጠኝነትም ወጣ ብንል ከሚኒስቴር እስከ ወረዳ ድረስ ያለው የሕዝብ ግንኙነት ክፍል፣ ባንኩና ኢንሹራንሱ፣ ሆስፒታሉ፣ የማስታወቂያ ሥራ ድርጅቱ፣ የበጎ አድራጎት ማኅበሩ ሁሉ ጽፎ የሚያስረዳ ሰው ይፈልጋል።

እንግዲህ የሥራውን ማስታወቂያ ቀርበን ብናነበው ሁለት ነገር እናገኛለን። አንደኛው «በጋዜጠኝነት፣ በኮሙኒኬሽን፣ በቋንቋና ሥነ ጽሑፍ፣ በፖለቲካ ሳይንስ ወይም በተመሳሳይ የትምህርት መስክ» የሚለው ነው። ይህ ማለት ዲግሪያችን ብቻውን በሩን አይከፍትልንም፤ በሩ ፊት ከብዙ ሰዎች ጋር ያሰልፈናል እንጂ። ሁለተኛው «2 ዓመት የሥራ ልምድ ያለው» የሚለው ነው፤ ስለዚህኛው በኋላ እንመለስበታለን። በዚያ ሰልፍ ውስጥ ሰውን ከሰው የሚለየው ነገር ምንድን ነው? በፈተናው ቀን የሚሰጠው ወረቀት ነው። ወረቀቱም ብዙ ጊዜ «ይህን የእንግሊዝኛ መግለጫ ወደ አማርኛ ተርጉም» ወይም «ከዚህ ቃለ ጉባኤ ዜና ሥራ» ይላል።

እዚህ ላይ ነው ነገሩ የሚጠብቀው። በከፍተኛ ትምህርት ተቋሞቻችን የማስተማሪያው ቋንቋ እንግሊዝኛ ስለሆነ፣ ዜና አጻጻፍን የምንማረው በእንግሊዝኛ ነው። በመጀመሪያው ዐረፍተ ነገር ማን፣ ምን፣ መቼ፣ የት የሚለውን ጨርስ፤ ግሡንም ወደ ፊት አምጣው እንባላለን። ይህ ለእንግሊዝኛ ደግ ምክር ነው። በአማርኛ ግን ግሥ የሚመጣው በመጨረሻ ነው። ማንን፣ ምንን፣ መቼን፣ የትን ሁሉ በአንድ ዐረፍተ ነገር ራስ ላይ ከቆለልናቸው አድማጩ «ታዲያ ምን ሆነ?» እያለ እስከ ጫፉ ድረስ ተንጠልጥሎ ይቆያል። በጋዜጣ ከሆነ ወደ ኋላ ተመልሶ ያነበዋል፤ በሬዲዮ የሚሰማው ገበሬ ግን የሚመለስበት መንገድ የለውም። ታዲያ የአማርኛን ዜና እንዴት መክፈት ይገባል? ዐረፍተ ነገሩን የት መቁረጥ ይሻላል? «ገለጹ፣ አስታወቁ፣ አመለከቱ፣ አሳሰቡ» እያሉ ከመደርደር በቀር ሌላ መንገድ የለምን? እነዚህ ጥያቄዎች አንድ መንፈቅ ሙሉ ሊያስተምሩ የሚበቁ ሲሆኑ እኛ ግን የምናገኛቸው ከተቀጠርን በኋላ፣ ያውም ከሚቆጣ አዘጋጅ ነው።

ሌላም ምሳሌ እንጨምር። «የ2017 በጀት ዓመት» የሚባለው ሐምሌ 1 ቀን 2016 ዓ.ም. ጀምሮ ሰኔ 30 ቀን 2017 ዓ.ም. የሚያልቀው ነው። በአውሮፓውያን አቆጣጠር ከጁላይ 8 ቀን 2024 እስከ ጁላይ 7 ቀን 2025 መሆኑ ነው። የመሥሪያ ቤቱን መግለጫ ወደ እንግሊዝኛ የሚያዞረው ሠራተኛ ቁጥሩን እንዳለ «2017» ብሎ ቢተወው የውጭውን አንባቢ ሰባት ስምንት ዓመት ወደ ኋላ ይወስደዋል። እንደዚሁም የእንግሊዝኛው ጥሪ ስብሰባው በጠዋት በ8 ሰዓት ነው ሲል፣ በእኛ አቆጣጠር ከጠዋቱ 2 ሰዓት ነው። ይህን የማያስተውል ተርጓሚ እንግዶቹን ከምሳ በኋላ ያስመጣቸዋል። እነዚህ ጥቃቅን ነገሮች ይመስላሉ፤ ነገር ግን መሥሪያ ቤቱ ደመወዝ የሚከፍለው ለእነዚህ ጥቃቅን ነገሮች ነው።

ቋንቋችንም በዚህ ምክንያት እየተጎዳ መሆኑን መሸሸግ አይገባም። በእንግሊዝኛ አስበን በአማርኛ ስለምንጽፍ ዝናቡም፣ ብድሩም፣ ሚኒስትሩም ሁሉም «ከፍተኛ ሚና ይጫወታል»። ውይይት ሁሉ «በጉዳዩ ዙሪያ» ይደረጋል እንጂ በጉዳዩ ላይ ሲደረግ አይሰማም። «የባለድርሻ አካላት የግንዛቤ ማስጨበጫ መድረክ» የሚለውን ቃል አንድ እናት በሬዲዮ ብትሰማ፣ ልጇን የምታስከትብበትን ቀን ለመንገር የተጠራ ስብሰባ መሆኑን በምን ታውቃለች? ክትባቱ ያለፈው ልጅ ሲታመም ጥፋቱ የሐኪሙ ብቻ አይደለም፤ ያልተሰማው መልእክትም ድርሻ አለው። የኮሙኒኬሽን ትምህርት ለሕዝብ አስፈላጊ ነው የምንል ከሆነ አስፈላጊነቱ እዚህ ላይ ነው።

ዛሬ ደግሞ ሌላ ተወዳዳሪ መጥቷል። ሰው ሠራሽ አስተውሎት የሚባለው መሣሪያ አንድ ገጽ እንግሊዝኛ በጥቂት ሰኮንዶች ውስጥ ወደ አማርኛ ይገለብጣል። አንዳንዶች ይህን ሲያዩ «እንግዲህ አለቀልን» ይላሉ። እኛ ግን እንዲህ እንላለን፤ መሣሪያው የሚተካው እንደ መሣሪያ የሚጽፈውን ሰው ነው። የተገለበጠውን አማርኛ አንብቦ «ይህ አይባልም፤ የአገሬ ሰው እንዲህ ይለዋል» ብሎ የሚያቃናው ሰው ዋጋው ይጨምራል እንጂ አይቀንስም። ጥያቄው እንደዚያ ሊያቃና የሚችል ተመራቂ እናወጣለን ወይ የሚለው ነው።

ፈተናችንም ቢሆን በዚህ በኩል አይረዳንም። ከሐምሌ 2015 ዓ.ም. ጀምሮ ማንኛውም የመጀመሪያ ዲግሪ ተማሪ ለመመረቅ የመውጫ ፈተና ማለፍ ይገባዋል። የትምህርት ጥራት እንዲመዘን መደረጉን አንቃወምም፤ ሰነፍ ተመራቂ የሚያሳፍረው እኛንም ጭምር ነውና። ነገር ግን ፈተናው በኮምፒውተር የሚሰጥ፣ ከተሰጡት መልሶች ውስጥ ትክክለኛውን መምረጥን የሚጠይቅ ነው። እንግዲህ መጻፍን ሙያዬ ብሎ የተማረ ሰው አንድ አንቀጽ ሳይጽፍ ይፈተናል፤ 50 ከመቶም ካገኘ ያልፋል ማለት ነው። አናጺን «ከሚከተሉት ውስጥ መዶሻ የቱ ነው?» ብሎ ጠይቆ ቤት ሥራልኝ እንደ ማለት ይሆናል። አናጺው ጥሩ ሊሆን ይችላል፤ በፈተናው ግን አልታወቀም።

ስለ ሕዝብ ግንኙነት ሥራም አንድ ነገር ማለት ይገባል፤ ከእኛ ብዙዎቹ የሚገቡት እዚያ ነውና። በ2000 ዓ.ም. የወጣው የመገናኛ ብዙኀንና የመረጃ ነፃነት አዋጅ ቁጥር 590 እያንዳንዱ የመንግሥት መሥሪያ ቤት መረጃ ለሚጠይቁ ሰዎች ጥያቄያቸውን ተቀብሎ የሚያስተናግድ የሕዝብ ግንኙነት ኃላፊ እንዲኖረው አዘዘ። በዚህ አስተያየት የሕዝብ ግንኙነት ሠራተኛ ማለት በመሥሪያ ቤቱና በሕዝቡ መካከል የቆመ፣ ዜጋው «የጠየቅሁት መሬት ጉዳይ የት ደረሰ? ለመንገዱ የተመደበው ገንዘብ ስንት ነው?» ሲል የሚመልስ ሰው ነው። በተግባር ግን ሥራው ስብሰባ ፎቶግራፍ ማንሣት፣ ባነር ማሠራትና የአለቃን ንግግር ማሳመር ብቻ ተደርጎ ይታያል። እንዲህ የሆነው የሕጉ ቃል ጎድሎ አይደለም፤ ቦታውን የሚይዘው ሰው ምን እንዲሠራ እንደ ታዘዘ ሳያውቅ ስለሚገባ ጭምር ነው። ይህን አዋጅ በሥራ ላይ እንዴት እንደሚውል ተምሮ የሚገባ ምሩቅ ግን ባነር አሠሪ ብቻ ሆኖ አይቀርም።

አሁን «2 ዓመት የሥራ ልምድ» ወደሚለው ጉዳይ እንመለስ። ሥራ ለማግኘት ልምድ ያስፈልጋል፤ ልምድ ለማግኘት ሥራ ያስፈልጋል። ይህን ክብ ሁላችንም እናውቀዋለን። ብዙዎቻችን ያላስተዋልነው ግን ወደ ከፍተኛ ትምህርት የሚወስደው መንገድም በዚያው ክብ ውስጥ መሆኑን ነው። የእንግሊዝ መንግሥት የሚሰጠው የቺቭኒንግ ስኮላርሺፕ 2 ዓመት ወይም 2,800 ሰዓት የሥራ ልምድ ይጠይቃል። ዳአድ የሚባለው የጀርመን ድርጅት ለልማት ነክ የድኅረ ምረቃ ትምህርቶች በሚሰጠው ስኮላርሺፕም እንደዚሁ ቢያንስ 2 ዓመት ይፈለጋል። የአውሮፓ ኅብረት የኢራስመስ ሙንዱስ የማስተርስ ትምህርት በመጨረሻው ዓመት ላይ ያለ ተማሪም ሊያመለክትበት የሚችል ሲሆን፣ ከሁለት ባላነሱ አገሮች መማርን ይሰጣል፤ ጋዜጠኝነትን የሚመለከት ክፍልም አለው። ነገር ግን ውድድሩ ከመላው ዓለም ጋር ስለሆነ እዚያም ቢሆን በእጁ ሥራ ያለው ሰው ይቀድማል። በአገር ውስጥም የአዲስ አበባ ዩኒቨርሲቲ የጋዜጠኝነትና ኮሙኒኬሽን የማስተርስ ትምህርት ከጀመረ ከ20 ዓመት በላይ ሆኖታል። ስለዚህ የመማር ዕድል የለም ማለት አይቻልም። ዕድሉ ግን የሚመጣው ባዶ እጁን ለሚጠብቅ አይደለም።

«የውጭ ድርጅቶች አሉልን» የሚለው ተስፋም ብቻውን የሚያስተማምን አይደለም። በ2017 ዓ.ም. የሆነውን ሁላችንም አይተናል። በጥር ወር የአሜሪካ መንግሥት የውጭ እርዳታውን አገደ፤ ሰኔ 24 ቀንም ዩኤስኤአይዲ የሚባለው ድርጅት ሥራውን አቆመ። በመካከሉ በመጋቢት የአሜሪካ ድምፅ ሬዲዮ ሠራተኞች ከሥራ እንዲገለሉ ተደረገ። በእርዳታ ገንዘብ በሚካሄዱ ፕሮጀክቶች ውስጥ በኮሙኒኬሽን ሙያ የተቀጠሩ ታላላቆቻችን በጥቂት ሳምንታት ውስጥ ሥራ ፈቱ። በአንጻሩ ዶቼ ቬለ ከ1957 ዓ.ም. ጀምሮ በአማርኛ ሲያሰራጭ ኖሯል፤ ቢቢሲም በ2010 ዓ.ም. መጀመሪያ በአማርኛ፣ በኦሮምኛና በትግርኛ ሥራ ጀምሯል። እዚህም ላይ አንድ ነገር ልብ እንበል፤ እነዚህ የውጭ አገር ድርጅቶች እንኳ ኢትዮጵያዊውን የፈለጉት ለእንግሊዝኛው ሳይሆን ለገዛ ቋንቋው ነው።

የኮሙኒኬሽን ትምህርት ክፍል ባልነበረበት ዘመን ጋዜጣውን ያቆሙት ሰዎች ታሪክም ይህንኑ ያስተምረናል። ብርሃኑ ዘሪሁን የተማረው በቴክኒክ ትምህርት ቤት ሲሆን የአዲስ ዘመን ዋና አዘጋጅ ለመሆን የበቃው በብዕሩ ነው። በዓሉ ግርማ በአዲስ አበባ የዩኒቨርሲቲ ትምህርቱን ጨርሶ፣ በአሜሪካም በሚሺጋን ስቴት ዩኒቨርሲቲ ተምሮ ተመልሶ አዲስ ዘመንንና ሄራልድን አዘጋጅቷል። አንዱ ውጭ አገር ተማረ፤ ሌላው ያለ ዩኒቨርሲቲ ዲግሪ ሠራ። ሁለቱን የሚያገናኛቸው ግን የአማርኛን ዐረፍተ ነገር እንደ እጃቸው መዳፍ ማወቃቸው ነው።

ክቡን ሊሰብር የሚገባው ለልምምድ የምንወጣበት ጊዜ ነበር። ይሁን እንጂ ከመካከላችን ለልምምድ ወጥተው የተመለሱትን ብንጠይቅ የሚነግሩን የሚያስደስት አይደለም። አንዱ ሁለት ወር ሙሉ ጋዜጣ እየቆረጠ በፋይል ሲያስገባ ከረመ፤ ሌላዋ ወንበር ጠፍቶላት በኮሪደር ስትቆም ቆየች፤ ሦስተኛው የጻፈው ዜና በሌላ ሰው ስም ወጣ። የታክሲውን የከፈሉት ከኪሳቸው፣ ማለትም ከወላጆቻቸው ኪስ ነው። ወላጆቹ በከተማው የሌሉ ተማሪ ደግሞ ማደሪያ ጭምር መክፈል ነበረበት። በዚህ ዓይነት ልምምድ የሚጠቀመው አቅም ያለው ልጅ ብቻ ነው። በመጨረሻም የሚሰጠው ወረቀት «ጠባዩ መልካም ነው» ከማለት በቀር ምን እንደ ሠራ አይገልጥም፤ ለቀጣሪውም እንደ ልምድ አይቆጠርለትም።

እዚህ ላይ ሊነሡብን የሚችሉትን ተቃውሞዎች ሳንመልስ ማለፍ አንፈልግም።

የመጀመሪያው «እንግሊዝኛ የዓለም በር ነው፤ እናንተ ልትዘጉብን ነውን?» የሚል ይሆናል። አይደለም። እኛ የምንጠይቀው እንግሊዝኛው ይቅር ብለን ሳይሆን፣ የሥራው ቋንቋ ይጨመር ብለን ነው። ሁለቱን ጠንቅቆ የያዘ ሰው ከአንዱ ወደ ሌላው ሲተረጉም እንጀራውን ያበስላል፤ አንዱን በግማሽ ሌላውን በግማሽ የያዘ ግን ከሁለቱም ይወድቃል።

ሁለተኛው «በየትኛው የአገር ቋንቋ? ይህ ነገር ጠብ ያመጣል» የሚል ነው። መልሳችን ቀላል ነው፤ እያንዳንዱ ተማሪ ሊሠራበት የሚፈልገውን ይምረጥ። የሚኒስትሮች ምክር ቤት በ2012 ዓ.ም. ያጸደቀው የቋንቋ ፖሊሲ ኦሮምኛ፣ ትግርኛ፣ ሶማሊኛና አፋርኛ ከአማርኛ ጋር የፌዴራሉ መንግሥት የሥራ ቋንቋዎች እንዲሆኑ ያስባል። ይህ በተግባር ሲውል በአምስቱም ቋንቋዎች የሚጽፍና የሚተረጉም ባለሙያ ሊፈለግ ነው። እኛ ዛሬ ካልተዘጋጀን ያን ጊዜ ማን ሊሠራው ነው? አንዳችን የሌላውን ቋንቋ ብንማርማ ይልቁንም ጠቡ ይቀንስ ነበር።

ሦስተኛው «ገንዘብ የለም» የሚለው ነው። የምንጠይቃቸው ነገሮች ግን አብዛኛዎቹ አዲስ ሕንፃ አይፈልጉም። እነሱም እንደሚከተለው ናቸው።

1ኛ. በትምህርት ክፍላችን ቢያንስ ሁለት ኮርሶች፣ አንዱ የዜናና የመጣጥፍ አጻጻፍ፣ ሌላው ትርጉምና አርትዖት፣ ተማሪው በመረጠው የአገር ቋንቋ እንዲሰጡ። አስተማሪዎቹ ከቋንቋና ሥነ ጽሑፍ ክፍሎች በትብብር ሊገኙ ይችላሉ።

2ኛ. የመመረቂያው ሥራ የግድ የጥናት ጽሑፍ ብቻ እንዳይሆን፤ ለሙያው የሚያዘነብል ተማሪ በዓመቱ የሠራቸውን ዜናዎች፣ የሬዲዮ ዝግጅቶችና ትርጉሞች ሰብስቦ ቢያቀርብ በአስተማሪዎቻችን ተመርምሮ እንዲቆጠርለት። የመውጫ ፈተናውም የጽሑፍ ክፍል እንዲጨመርበት አሳቡ ለሚመለከተው ሁሉ እንዲደርስ።

3ኛ. ለልምምድ የሚወጣ ተማሪ ከመሄዱ በፊት ከተቀባዩ መሥሪያ ቤት ጋር በጽሑፍ ስምምነት እንዲደረግ፤ በስምምነቱም የሚቆጣጠረው ሰው ማን እንደሆነ፣ ምን ምን እንደሚሠራ፣ የመጓጓዣውን ማን እንደሚከፍል እንዲገለጥ፤ ሲጨርስም የሠራበት ሰዓትና የሠራው ሥራ ተዘርዝሮ ማኅተም እንዲደረግበት። 2,800 ሰዓት የሚጠየቅ ሰው ከ200 ወይም ከ300 ቢጀምር ከምንም ይሻላል።

4ኛ. የማኅበራችን ጽሕፈት ቤት የሥራና የስኮላርሺፕ ማስታወቂያዎችን በአንድ ሰሌዳ ላይ በየሳምንቱ እንዲለጥፍ፤ ካለፉት ዓመታት ተመራቂዎችም ፈቃደኞቹን መዝግቦ ከተማሪው ጋር እንዲያገናኝ። ማስታወቂያ የሚያየው በስልኩ ብዙ ወዳጅ ያለው ተማሪ ብቻ መሆን የለበትም።

እነዚህን ስንል ሁሉንም ከሌላ እንጠብቅ ማለታችን አይደለም። ይህች በማባዣ የምትወጣ መጽሔት ገጾቿ ባዶ የሚሆኑበት ጊዜ ብዙ ነው፤ ግቢው ግን ዜና አጥቶ አያውቅም። የውኃው መቋረጥ፣ የምግብ ቤቱ ጉዳይ፣ የመጻሕፍት ቤቱ ሰዓት፣ የሌሊቱ ጥበቃ ሁሉ ሄዶ ጠይቆ፣ ሁለቱንም ወገን አነጋግሮ፣ በንጹሕ ቋንቋ የሚጽፈውን ይጠብቃል። በአንድ ዓመት ውስጥ ስድስት እንዲህ ያሉ ጽሑፎችን በስሙ ያወጣ ተማሪ በቀጣሪው ፊት ሲቀርብ ባዶ እጁን አይቆምም። የመጽሔቱ አዘጋጆችም ከሚቀጥለው ቁጥር ጀምሮ አንድ ገጽ ለኦሮምኛ፣ አንድ ገጽም ለትግርኛ ጽሑፎች ክፍት እንዲያደርጉ በዚህ አጋጣሚ እናሳስባለን።

ወንድሞችና እኅቶች፤ ትምህርታችን የቃል ትምህርት ነው። ከአፍ የወጣ አፋፍ እንደሚባለው፣ እኛ የምንጽፈው ቃል ከወጣ በኋላ የሚደርሰው ብዙ ሰው ጋ ነው፤ ወደ ታመመ ሰው፣ ወደ ገበያ ወደሚሄድ ገበሬ፣ ፍርድ ወደሚጠብቅ ባለጉዳይ። በሚገባው ቋንቋ ከደረሰው ይጠቅመዋል፤ በማይገባው ቋንቋ ከደረሰው ዲግሪያችን ለእሱ ምኑም አይደለም። ሥራውን የምናገኘውም ይህን የምናደርግ ሰዎች ሆነን ስንገኝ ነው። ስለዚህ ከላይ የተዘረዘሩት አራት ነጥቦች በሚቀጥለው የማኅበሩ ጠቅላላ ስብሰባ ላይ ቀርበው ውይይት እንዲደረግባቸው፣ ከጸደቁም በጽሑፍ ለትምህርት ክፍሉ ኃላፊና ለዲኑ እንዲቀርቡ እንጠይቃለን። የተቃወመ ሁሉ ተቃውሞውን ጽፎ ያምጣ፤ በየትኛውም ቋንቋ ይሁን፣ በጥሩ ዐረፍተ ነገር ይሁን እንጂ ደስ ብሎን እናነበዋለን።